ማስክ «ማሟሸት» ምንድን ነው?

ቃሉን ወደ ባሕር ያወረድኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ስለዚህ ጥፋቱም በከፊል የእኔ ነው። ኤይላት ውስጥ፣ እስራኤል ቀይ ባሕር ዳር፣ ዳይቪንግ (ባሕር ውስጥ መጥለቅ) ሳስተምር፣ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ሲመጣልኝ አዲሱን ማስክ፣ ዓይንና አፍንጫ ላይ የሚደረገውን የመጥለቂያ መነጽር፣ ከሳጥኑ አውጥቼ «ይሄ እንደ አዲስ ምጣድ ነው፤ ሳይሟሽ አይሠራም» እል ነበር። ወደዱት። ቃሉም ከእጄ አመለጠ። አሁን ሰዉ ማስኩ ላይ እንትፍ ይልና በጣቱ አሸት አድርጎ «አሟሸሁት» ይላል።

ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ገጠመኝ። ማሟሸት ማለት ምራቅ መቀባት ነው፣ ሌላው የአስተማሪዎች ወሬ ነው፣ ከዚያ በኋላም ጉም ከያዘ ማስኩ ፌክ ስለሆነ መልሱት ይላል። ሦስት ነገር ተናግሮ ሦስቱንም ሳተ። ብዙ ሰው ደግሞ «ልክ ነህ» ብሎታል። ቡናዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

እናቶቻችን እኮ ለዚህ ሁለት ቃል አላቸው። ማሟሸትና ማሰስ። አዲስ ምጣድ ከገበያ ሲመጣ ይሟሻል። እሳት ላይ ይጣዳል፣ የተፈጨ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፣ በጨርቅ ይታሻል፣ እንደገና ይነሰነስበታል፣ ጠቁሮ እስኪያብለጨልጭ። ይሄ አዲስ ሲሆን የሚሠራ ሥራ ነው። ማሰስ ግን በየእንጀራው መሃል ነው። በማሰሻ ጠረግ ይደረግና ሊጡ ይዞራል። ያልተሟሸ ምጣድ ቀኑን ሙሉ ቢያስሱት እንጀራው መጣበቁን አይተውም። ማስክም እንደዚያው ነው። ምራቅ ማሰሻው ነው፤ በጠለቃችሁ ቁጥር ይደረጋል። ማሟሸት ሌላ ነው። ቤት ውስጥ፣ የመታጠቢያው ገንዳ ጋ፣ ባሕር ከመውረዳችሁ ቀናት ቀደም ብሎ።

ምኑ ነው የሚሟሸው? አዲስ ማስክ መስታወት ላይ የማይታይ ቅባት አለ። ፊት ላይ የሚለጠፈው ሲሊኮን ፋብሪካ ውስጥ ከቅርጽ ማውጫው እንዳይጣበቅ የሚቀባ ነገር አለ፤ ከሱ የሚተርፍ አይጠፋም። ሲሊኮኑ ራሱም በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ወራት ሲቀመጥ ቅባትነት ያለው ተን ይለቃል። ያ ሁሉ ሄዶ የሚያርፈው መስታወቱ ላይ ነው። ውዱም ማስክ፣ ርካሹም ማስክ። ስለዚህ አዲስ ማስክ ጉም ያዘ ማለት አዲስ ነው ማለት እንጂ ፌክ ነው ማለት አይደለም።

የሚያናድደኝ ግን ከዚህ ሥር ያለው ስህተት ነው። ሰዉ አንቲ ፎግ (ጉም መከላከያ) ሲባል ውሃን የሚያባርር ነገር ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው።

የብረት አክንባሎ ስታነሱ ከውስጡ ውሃ ሲንጠባጠብ አይታችኋል። እንፋሎቱ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ሲነካ ውሃ ይሆናል። ማስክም አክንባሎ ነው። ከአፍንጫችሁ የሚወጣው ትንፋሽ ሞቃትና እርጥብ ነው። መስታወቱን ደግሞ ከውጭ ባሕሩ ያቀዘቅዘዋል። ውሃ ከአየር 20 ጊዜ በላይ የተሻለ ሙቀት ያስተላልፋል፤ እኛ ጋ በብርዱ ወራት ባሕሩ 21 እና 22 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል። እንፋሎቱ መስታወቱ ላይ ውሃ መሆኑ አይቀርም። ምራቅ አያስቀረውም፣ ሳሙና አያስቀረውም፣ ገዝታችሁ የመጣችሁት የአንቲ ፎግ ብልቃጥም አያስቀረውም።

ጥያቄው ውሃው እንዴት ይቀመጣል ነው። ቅባት ያለበት መስታወት ላይ ውሃ መዘርጋት አይችልም። ይኮማተራል፤ በጣም ብዙ ጥቃቅን ጠብታ ይሆናል። እያንዳንዷ ጠብታ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ትበትናለች። ጉም የምትሉት እሱን ነው። ንጹሕ መስታወት ላይ ግን ያው ውሃ ይተኛል፣ ይዘረጋል፣ አንድ ወጥ ስስ ሽፋን ይሆናል። በሱ በኩል አጥርታችሁ ታያላችሁ። ጉም የማይዝ ማስክ ደረቅ ነው ያላችሁ ማነው? እርጥብ ነው።

እዚህ ላይ ምሳሌዬ እንደሚሰነጠቅ አውቃለሁ። ምጣድ ሲሟሽ ቅባት ይጠጣል፤ ማስክ ሲሟሽ ቅባቱ ይወጣለታል። ምጣዱ እንጀራውን እንዳይዝ ነው የምንፈልገው፤ መስታወቱ ውሃውን እንዲይዝ። ይህን በጊዜው አላስረዳሁም ነበርና አንዷ ተማሪዬ ማታውን ማስኳን የምግብ ዘይት ቀብታ መጣች። «እንደ ምጣድ ነው ብለኸኝ!» ምን ልበላት? ሦስት ጊዜ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጠብንላትና ጠዋቱ በዚያ አለቀ።

አሠራሩ ይሄው ነው። ተራውን ነጭ የጥርስ ሳሙና ውሰዱ። ጄሉን ተዉት፣ ብዙም አይፍቅም። እዚህ የምንፈልገው አረፋውን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ደቃቅ ሻካራ ነገር ነው። በደረቁ መስታወት ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ በጣት ሦስት አራት ደቂቃ እሹት። ጠርዙ ጋ፣ መስታወቱና ሲሊኮኑ የሚገናኙበት ላይ አትስነፉ፤ ቅባቱ የሚደበቀው እዚያ ነው። ብትችሉ ሳታጥቡት ይደር። ጠዋት በደንብ አለቅልቁት፤ የቀረ የጥርስ ሳሙና ባሕር ውስጥ ዓይን ያቃጥላል። በመጨረሻ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አንዴ።

ከዚያ ፈትኑት። ውሃ አፍስሱበትና ዘንበል አድርጋችሁ መብራት ላይ ያዙት። ውሃው እንደ ዶቃ ተንጠባጥቦ ከሸሸ ገና ነው፤ ይደገም። እንደ ስስ ሻሽ ተዘርግቶ ቀስ ብሎ ከወረደ ተሟሽቷል። ሁለት ሦስት ዙር የሚጨርስ ማስክ አለ። እናቴ አንድ ቀን ገንዳው ጋ ስፈትግ አይታኝ «ደሞ ብርጭቆ ይሟሻል እንዴ?» አለችኝ። ውሃው ሲዘረጋ አሳየኋት። «አሃ፣ ያዘለት» አለች። ከዚያ አስተያየት ሰጪ በተሻለ ገብቷታል።

ይሄ ሁሉ ለብርጭቆ መስታወት ነው። የመዋኛ መነጽር አብዛኛው ፕላስቲክ ስለሆነ በጥርስ ሳሙና ብታሹት ትቧጭሩታላችሁ። ፋብሪካው ራሱ አንቲ ፎግ ሽፋን ለጥፎበት የሚሸጥ ማስክም አለ። እሱ እንደ ቴፍሎን ምጣድ ነው። ቴፍሎን በሽቦ የሚፈትግ ሰው አለ? ከማስኩ ጋር የመጣውን ወረቀት አንብቡ።

ላይተር የሚሉም አሉ። እሳቱን መስታወቱ ላይ እያዘዋወሩ ጥላሸት እስኪለብስ፣ ከዚያ መጥረግ። ቅባቱን ያቃጥላል፣ አልክድም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ነገር ግን እሳቱ አንድ ቦታ ከቆየ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ሲሊኮኑም ይጎዳል። ሽፋን ያለው ወይም የዓይን ቁጥር የተገጠመለት ማስክ ላይ ጭራሽ አይሞከርም። ለጀማሪ አልመክርም። የጥርስ ሳሙና ማንንም አቃጥሎ አያውቅም፣ ካለቀለቁት።

አሁን ወደ ማሰሻው። እንትፍ የምትሉት ደረቅ መስታወት ላይ ነው። መጀመሪያ ባሕር ውስጥ ነክሮ ከዚያ የሚተፋ ሰው ምራቁን በከንቱ ጨረሰ። ደረቁ ላይ እንትፍ፣ በጣት ማዳረስ፣ ውሃ ውስጥ አንዴ ነከር አድርጎ ማውጣት፣ ወዲያው መልበስ። ሙልጭ አድርጋችሁ ካጠባችሁት ምን ቀረ? ምራቅ የሚቀፈው የሕፃናት ሻምፑ በውሃ አቅጥኖ ይጠቀም፤ ዓይን ብዙም አይቆጠቁጥም። ጣታችሁ ላይ ግን የፀሐይ ክሬም እንዳይኖር። ሰው ፊቱን ክሬም ይቀባና በዚያው ጣት መስታወቱን ያሻል። ያሟሸነውን በደቂቃ አፈረሰው። የፀጉር ቅባትም ያው ነው። ማስኩን በተዘጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ መተውም እንዲሁ፤ ሲሊኮኑ ሲሞቅ እንደገና ይለቃል፣ ከወራት በኋላም ማሟሸቱ ሊደገም ይችላል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ውሃ ውስጥ ጉም ቢይዝ አትደናገጡ። አንዲት ልጅ ስድስት ሜትር ላይ መስታወቷ ነጭ ሆኖባት እጄን ጨምድዳ ይዛኛለች። የማስኩን ጫፍ በጣቷ ከፈት አድርጋ ጥቂት ውሃ እንድታስገባ አሳየኋት። ወደ ታች አየች፣ ውሃው መስታወቱን ጠረገው፣ በአፍንጫዋ እፍ ብላ አስወጣችው። ከፊታችን አንድ አንበሳ ዓሣ ክንፉን ዘርግቶ ቆሞ ነበር። እጄን ለቀቀችው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባትጠይቁኝም። «ጉም እንዳይዝ በአፍንጫ አትተንፍሱ» የሚል ምክር ይዘዋወራል። ግማሹ ልክ ነው፤ ትንፋሹ ባነሰ ቁጥር እንፋሎቱም ያንሳል። ስትወርዱ ግን ጭራሽ ካልተነፈሳችሁበት ሌላ ጣጣ አለ። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው እጥፍ ነው። ማስኩ ውስጥ ያለው አየር ይጨመቃል፣ ማስኩም ፊታችሁን እንደ ዋግምት ይመጥጣል። ዓይናቸው ደም ለብሶ፣ ዙሪያው በልዞ የወጡ ሰዎች አይቻለሁ። እየወረዳችሁ በአፍንጫችሁ ትንሽ ትንሽ እፍ በሉበት። ጉም ቢያመጣም እፍ በሉ። የመዋኛ መነጽር አድርጋችሁ ደግሞ አትጥለቁ፤ አፍንጫችሁ ውጭ ስለሚቀር እፍ የምትሉበት መንገድ የላችሁም።