በአንገት ቱቦ የሚተነፍሱ ልጆችና መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች

አንዳንድ ልጆች የላይኛው የአየር መንገዳቸው በመጥበቡ፣ ወይም ለረጅም ጊዜ በማሽን እየታገዙ መተንፈስ ስላለባቸው አንገታቸው ላይ ቀዳዳ ይከፈታል። በዚያ በኩል በቀጥታ ወደ መተንፈሻ ቧንቧ የሚገባ ትንሽ ቱቦ ይደረግላቸዋል። ይህ ትራኪዮስቶሚ ይባላል። የልጆቹን ሕይወት ያተርፋል፤ ብዙዎቹም ቱቦውን እንደያዙ ከቤተሰባቸው ጋር ያድጋሉ።

አፍንጫ አየሩን ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ ያጣራል። በቱቦው የሚገባው አየር ይህን ሁሉ አያገኝም። አክታው ይወፍራል፣ ልጁም አስሎ ለማውጣት ይቸገራል። ሱዶሞናስና ስታፊሎኮከስን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ቶሎ ገብተው የቱቦው ግድግዳ ላይ ይጣበቃሉ። ከዚያ ከስኳር፣ ከፕሮቲንና ከዲኤንኤ የተሠራ ዝልግልግ ነገር አመንጭተው እዚያው ውስጥ ይኖራሉ። ባዮፊልም የሚባለው ይህ ነው።

ከሥር ያሉት ባክቴሪያዎች ምግብና ኦክስጅን ስለሚያንሳቸው መራባታቸውን ያቀዘቅዛሉ። ብዙ አንቲባዮቲኮች ደግሞ በደንብ የሚገድሉት በመራባት ላይ ያለውን ነው። ስለዚህ ላብራቶሪ «ይሠራል» ያለው መድኃኒት እንኳ ቱቦው ላይ ላይሠራ ይችላል። በዚያ ላይ ተጠጋግተው ስለሚኖሩ መድኃኒት የመቋቋም ጂን ይቀባበላሉ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ካልቸር (ናሙና ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ላይ የሚመጣው ስህተት ነው። ከእነዚህ ልጆች አክታ ተወስዶ ሲመረመር ብዙ ጊዜ ባክቴሪያ ይገኛል፤ ልጁ ደህና ሆኖ እየተጫወተም ቢሆን። መገኘቱ ብቻ በሽታ አይደለም። ትኩሳት፣ የኦክስጅን መውረድ፣ የአክታው መብዛትና መለወጥ፣ የደረት ራጅ አብረው መታየት አለባቸው። የምርመራውን ውጤት ወረቀት ብቻ አይቶ መድኃኒት ማዘዝ ደካማውን ባክቴሪያ ይገድላል፣ የተላመደውን ያስቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዝርዝር ካርባፔነም የተባሉትን ኃይለኛ መድኃኒቶች የተላመደው ሱዶሞናስ «ከፍተኛ» ስጋት ተብሎ ተመድቧል። ስታፊሎኮከስም ሜቲሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ የማይበግረው ዓይነት አለው።

መከላከሉ በአብዛኛው በአስታማሚው እጅ ነው፦ እጅን መታጠብ፣ አየሩን ማርጠብ፣ አክታውን በንጹሕ ካቴተር (በቱቦው ውስጥ በሚገባ ቀጭን መሳቢያ) መሳብ። ካቴተሩ ከቱቦው ጫፍ አልፎ እንዳይገባ ርዝመቱ አስቀድሞ ይለካል፤ ካለፈ የመተንፈሻ ቧንቧውን ሥጋ ያቆስላል። የትናንሽ ልጆች ቱቦ ጠባብ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ወጥቶ የሚታጠብ የውስጥ ቱቦ የለውም። ስለዚህ ሙሉው በጊዜው ይቀየራል። አዲሱም ቢሆን ብዙ ሳይቆይ ባክቴሪያ ይይዘዋል፤ ምክንያቱም ባክቴሪያው የልጁ የአየር መንገድ ውስጥም አለ።