ኢኮማፕ ምንድን ነው?

የሶሻል ወርክ ተማሪ ለመስክ ልምምድ ሲወጣ ከሚይዛቸው መሣሪያዎች ሁሉ ርካሹ ኢኮማፕ ነው። ነጭ ወረቀትና እርሳስ ይበቃዋል። አንድ ቤተሰብ ከማንና ከምን ጋር ተሳስሮ እንደሚኖር በአንድ ገጽ የሚያሳይ ሥዕል ሲሆን፣ አሜሪካዊቷ የሶሻል ወርክ መምህርት አን ሃርትማን እ.ኤ.አ. በ1975 ያዘጋጁት በሕፃናት ደኅንነት ላይ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ነበር። ብዙ ተማሪ ከጄኖግራም ጋር ያምታታዋል። ጄኖግራም የዘር ሐረግን ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ ኢኮማፕ ግን የሚያየው ዛሬ በቤቱ ዙሪያ ያለውን ነው።

አሣሣሉ ቀላል ነው። መሀል ላይ ትልቅ ክብ ይሣልና አብረው የሚኖሩት ውስጡ ይገባሉ፤ ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በትንሽ ክብ፣ ዕድሜያቸው በየምልክቱ ውስጥ ተጽፎ። ዙሪያውን ሌሎች ክቦች ይሣላሉ፦ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ሥራ፣ ዘመድ፣ ቀበሌ። ከዚያ መስመሩ ይመጣል። ወፍራም ድፍን መስመር ጠንካራ ግንኙነት ነው፤ የተቆራረጠው የሳሳ፤ አጫጭር ሰረዞች የሚያቋርጡት ደግሞ ጭቅጭቅና ውጥረት ያለበት። ትስስሩ የአንድ ሰው ብቻ ከሆነ መስመሩ ከዚያ ሰው ምልክት ይነሣ እንጂ ከትልቁ ክብ አይነሣ። ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው አያት ብቻ ከሆነች፣ ቤቱ ሁሉ ድጋፍ እንዳለው አስመስሎ መሣል ስሕተት ነው።

ተማሪዎች የሚዘነጉት በመስመሩ ላይ የሚሣለውን ቀስት ነው፤ የሥዕሉ ዋና ነገር ግን እሱ ነው። ገንዘብ፣ ጊዜና ጉልበት ወዴት እንደሚፈስ የሚናገረው ቀስቱ ነው። ጅዳ ሠርታ ብር የምትልክ እህት አለች እንበል። ቀስቱ ወደ ቤቱ ይጠቁማል። የእሷን ልጅ የምታሳድገው እዚህ ያለችው እናት ከሆነች ግን ሁለተኛ ቀስት ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ከቤቱ የሚወጡ ቀስቶች በዝተው የሚገቡት ካነሱ፣ እናትየዋ ለምን እንደዛለች ሌላ ማስረጃ ብዙም አያስፈልግም።

ከውጭ የመጣ የታተመ ቅጽ መሙላት እዚህ አያዋጣም። «መዝናኛ» የሚለው ክብ ባዶውን ይቀርና እድር፣ እቁብ፣ የጽዋ ማኅበር፣ የንስሐ አባት፣ በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ ቦታ ያጣሉ። እድር ራሱ አንድ ወፍራም መስመር ተስቦለት የሚታለፍ አይደለም። መዋጮው በየወሩ ይወጣል፤ ድጋፉ በአብዛኛው የሚመጣው ሐዘን ሲደርስ ነው። መዋጮ የተጠራቀመበት ቤት ከሆነ ደግሞ መስመሩ የውጥረት ነው።

ሌላው ችግር አጠያየቁ ነው። «ከጎረቤት ጋር ግንኙነታችሁ እንዴት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሁሉ «ተመስገን፣ ደህና ነን» ይላል። «ልጁ ታሞ የነበረ ጊዜ ጤና ጣቢያ ማን ይዞት ሄደ?»፣ «ጤፍ ሲያልቅ መጀመሪያ ማን ጋ ይሄዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እርሳሱንም ለባለቤቶቹ መስጠት ነው። ቢሮ ተመልሶ ከማስታወሻ የተሣለ ኢኮማፕ የተማሪው ግምት እንጂ የቤተሰቡ ሥዕል አይደለም።

አማት አጠገብ ተቀምጣ ምራት የውጥረት መስመር አትሥልም፤ ስለዚህ ለየብቻ ማነጋገር ሊያስፈልግ ይችላል። ቤት ውስጥ ጥቃት ይኖራል ተብሎ ከተጠረጠረም ወረቀቱ እዚያ አይተውም። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ሰፈር በወረቀቱ ላይ ከስም ይልቅ የፋይል ቁጥር መጻፍ ይመረጣል።

ክቦቹ ከመጠን በላይ ከበዙ ሥዕሉ አይነበብም፤ የሚቀራረቡትን ማጣመር ነው። ዕቅድ ሲወጣ መጀመሪያ የሚታዩት የተቆራረጡት መስመሮች ናቸው። በሰፈሩ የምትዞረውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በስም ብቻ የሚያውቅ ቤተሰብን ከእሷ ጋር ማቀራረብ፣ ፈጽሞ የማያውቁትን ድርጅት ከማምጣት ይቀላል። ጥግ ላይ ቀኑና ሲሣል በቦታው የነበሩት ሰዎች ይመዝገቡ፤ ከሦስት ወር በኋላ ሁለተኛው ሲሣል የሚነጻጸረው ከዚህ ጋር ነው።