የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው፦ ምርጫ፣ የ48 ሰዓት ሕግና የደመወዝ ግብር

አራት ኪሎ ላይ ፓርላማው፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት፣ ነጋሪት ጋዜጣ የሚታተምበት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትና የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ በእግር የሚደረስባቸው ጎረቤቶች ናቸው። ያም ሆኖ እዚያው ሰፈር የሚማር ተማሪ ስለ መንግሥት አሠራር ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ከውጭ ፊልም የለቀመውን ነው። ስህተቱ የፈተና ነጥብ ብቻ ቢያስቀንስ ባልከፋ፤ ግን ሰው መብቱን ይዞ የተሳሳተ በር ያንኳኳል፣ ጊዜውም ያልፍበታል።

«ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው ሕዝቡ ነው»

መራጩ ድምፅ የሚሰጠው በምርጫ ክልሉ ለቀረበ እጩ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች አሉት፤ 23ቱ የአዲስ አበባ ናቸው። 274 እና ከዚያ በላይ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ወይም ጥምረት መንግሥት ይመሠርታል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጣል (የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 73)። የ6 ዓመት ዘመንና የሁለት ጊዜ ገደብ የተቀመጠው ለፕሬዚዳንቱ ነው፤ ተማሪዎች ይህን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲሰጡ ደጋግሞ ይታያል።

«ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያስፈልጋል» የሚለውም ልክ አይደለም። 5 እጩዎች 10,000 ድምፅ ሲከፋፈሉ፣ ከሌሎቹ ከእያንዳንዳቸው ከበለጠ በ2,600 ድምፅም ማለፍ ይቻላል።

«አዋጅ ሕገ መንግሥቱን ከጣሰ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይሽረዋል»

ይህ የአሜሪካ አሠራር ነው። እኛ ዘንድ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጉዳዩ ግን መጀመሪያ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ያልፋል። ጉባኤው 11 አባላት አሉት፦ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትላቸው፣ በተወካዮች ምክር ቤት አቅራቢነት በአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሚሾሙ 6 የሕግ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚወክላቸው 3 ሰዎች። ትርጉም ያስፈልጋል ካሉ የውሳኔ ሐሳባቸውን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይልካሉ፤ እሱም በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። አያስፈልግም ካሉ ጉዳዩ ወደ መጣበት ፍርድ ቤት ይመለሳል፤ ቅር የተሰኘው ወገን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፦ «ሕጉ በኔ ጉዳይ ላይ በስህተት ተተረጎመ» እና «ሕጉ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል» የተለያዩ አቤቱታዎች ናቸው። የመጀመሪያው መንገዱ ይግባኝ ነው፤ የመጨረሻው ፍርድ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለበት ደግሞ ሰበር ሰሚ ችሎት። ከሥራ የተባረረ ሰው የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ በትክክል አልተሠራበትም ብሎ አጣሪ ጉባኤ ዘንድ ቢሄድ ወራት ያቃጥላል።

«48 ሰዓት ካለፈ ፖሊስ የያዘውን ሰው መልቀቅ አለበት»

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የሚለው፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ነው። ዳኛው ሊለቀው፣ ዋስትና ሊፈቅድለት ወይም ለፖሊስ የምርመራ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 መሠረት የምርመራ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ሲያልቅ ፖሊስ ለምን ተጨማሪ እንደፈለገ ለዳኛው ማስረዳት ይኖርበታል።

ከ48 ሰዓቱ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በእርግጥ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ከፒያሳ እስከ ልደታ ፍርድ ቤት መንገዱ የቱንም ያህል ቢዘጋ ቀን አይፈጅም። ሕገ መንግሥቱ ቅዳሜን፣ እሑድንም ሆነ በዓልን አልቀነሰም፤ ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት የተያዘ ሰው ጊዜው እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ይሞላል። ስለዚህ ቤተሰብ ወይም ጓደኛ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት የተያዘበትን ቀን፣ ሰዓትና ጣቢያ መጻፍ ነው። ያ ማስታወሻ ከሌለ ጊዜው ማለፉን ማስረዳት ይከብዳል። ካለፈ፣ ፍርድ ቤት የአካል ነጻነት እንዲከበር ለማመልከት ያው አንቀጽ 19 ይፈቅዳል። የተያዘው ሰው የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል፤ ዝም የማለት መብት አለው፤ ተገድዶ የሰጠው ቃልም በማስረጃነት አይያዝበትም። ዘመድ፣ ጓደኛ፣ ሐኪምና ጠበቃ ሊጎበኙት ይችላሉ (አንቀጽ 21)።

«አስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ መብት የሚባል የለም»

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 በምንም ምክንያት አይነኩም ያላቸው መብቶች አሉ፤ ከእነዚህ መካከል ከጭካኔና ኢሰብአዊ አያያዝ መጠበቅ (አንቀጽ 18) እና እኩልነት (አንቀጽ 25) ይገኛሉ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው አዋጅ ፓርላማው ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል፤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላገኘ ይሻራል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን አፈጻጸም የሚከታተለው መርማሪ ቦርድም የታሰሩትን ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። አንድ ነገር ግን መሸፋፈን አይገባም፦ የ48 ሰዓቱ ደንብ ከማይነኩት ዝርዝር ውስጥ የለም። ይህ ከባድ ክፍተት ነው።

«ደመወዝ ሲጨምር ግብሩ ይበላዋል»

ተመርቀው ሥራ የሚጀምሩ ሁሉ ይህን ቢያሰሉ ደስ ይለናል። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የወር ደመወዝ እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። እያንዳንዱ መጣኔ የሚያርፈው በራሱ ደረጃ ውስጥ በገባው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። የ10,000 ብር ደመወዝ ግብር 300 ሲደመር 600 ሲደመር 750፣ ማለትም 1,650 ብር ነው። ደመወዙ 10,100 ቢሆን 30 በመቶ የሚቆረጠው ከ100 ብሯ ብቻ ነው፤ ግብሩ 1,680 ይሆናል፣ ከግብር በኋላ የሚቀረው በ70 ብር ያድጋል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ለብቻው ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል።

«ተማሪ ግብር አይከፍልም»

ይከፍላል፤ ታክስ በሚጣልባቸው ዕቃዎችና አገልግሎቶች ዋጋ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ስሌቱ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ጠቅላላ 460 ብር የከፈለ ሰው ታክሱ 69 ብር አይደለም። 460ን በ1.15 ስታካፍሉት ዋጋው 400፣ ታክሱ 60 ይወጣል። ደረሰኝ ያልተቆረጠበት ሽያጭ 60 ብሩን ከእናንተ ወስዶ ለመንግሥት ላያስገባ ይችላል፤ ስለዚህ ደረሰኝ ጠይቁ፣ የታክሱ መጠን ለብቻው መጻፉንም አረጋግጡ።