ኮመን ሬይል ምንድን ነው? ያገለገለ ትልቅ የናፍጣ መኪና ለሚመርጥ ሰው

ያገለገለ ትልቅ የናፍጣ መኪና ለመግዛት የተነሣ ሰው ብዙ ሳይቆይ ሁለት የሚጋጩ ምክሮች ይደርሱታል። አንዱ መካሪ አሮጌው ሞተር ኮምፒውተር ስለሌለው የትም ይጠገናል ሲለው፣ ሌላው አዲሱ ሞተር ጉልበታም ነው፣ ናፍጣም ይቆጥባል ይለዋል። ሁለቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም፤ ሆኖም ሁለቱም የሚናገሩት ስለ መኪናው ዕድሜ ነው። ገዢው ወደፊት የሚያወጣውን ገንዘብ ይበልጥ የሚወስነው ግን ናፍጣው ወደ ሲሊንደሩ የሚገባበት መንገድ ነው። በዚህ ረገድ መለያው መስመር ኮመን ሬይል የተባለው የናፍጣ አረጫጨት ሥርዓት ስለሆነ፣ ከምክሩ በፊት የሥርዓቱን ምንነት ማወቅ ይቀድማል።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። በሲሊንደሩ ውስጥ አየር ብቻ ተጨምቆ እጅግ ይግላል፤ በዚያ በጋለ አየር ላይ የተረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ናፍጣው መቼ፣ ምን ያህልና በምን ያህል ደቃቅ ጠብታ እንደሚረጭ የሞተሩን ጉልበት፣ ድምፅ፣ ጭስና ፍጆታ በአንድነት ይወስናል። በቀድሞዎቹ ሞተሮች ይህን ሁሉ የሚሠራው ሜካኒካል ፖምፓ ነው። ፖምፓው ከሞተሩ ጋር በቺንጋ ወይም በጥርስ ተያይዞ እየዞረ፣ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ተራ ሲደርስ ለዚያ ሲሊንደር በተመደበው ቀጭን የብረት ቱቦ ናፍጣ ይገፋል፤ ኖዝሉ ደግሞ በውስጡ ባለው ስፕሪንግ ተዘግቶ ይቆይና የናፍጣው ግፊት ስፕሪንጉን ሲያሸንፈው ተከፍቶ ይረጫል። ሞተሩ አንዴ ከተነሣ በኋላ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው የናፍጣውን መንገድ ከፍቶ ለሚይዘው ሶሌኖይድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የሥርዓቱ ድክመት ግፊቱ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የታሰረ መሆኑ ነው፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ግፊቱ ይወርዳል፣ ጠብታው ይወፍራል፣ በደንብ ያልተቃጠለውም ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል።

ኮመን ሬይል ይህን እስራት ፈታው። በዚህ ሥርዓት ፖምፓው የየሲሊንደሩን ተራ አይጠብቅም፤ ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ አንድ ወፍራም የብረት ቱቦ ያስገባል፣ ኖዝሎቹም ሁሉ ከዚህ የጋራ ቱቦ ይቀዳሉ። ኖዝሉ መቼ ተከፍቶ መቼ እንደሚዘጋ በኤሌክትሪክ ምልክት የሚያዝዘው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ1997 በአልፋ ሮሜዮ 156 እና በመርሴዲስ ቤንዝ ሲ 220 ሲዲአይ ለቤት መኪና ሲቀርብ ከፍተኛው ግፊት 1,350 ባር ገደማ ነበር፤ ዛሬ 2,000 ባርን የሚያልፉ አሉ። ቅድመ ማቃጠያ ክፍል ባላቸው፣ ማለትም ናፍጣው ከዋናው ሲሊንደር ጋር በተያያዘ ትንሽ ክፍል ውስጥ ተረጭቶ መቃጠል በሚጀምርባቸው አሮጌ ሞተሮች፣ ኖዝሉ የሚከፈተው በ150 ባር አካባቢ እንደሆነ ካስታወስን የርቀቱ ስፋት ግልጽ ይሆናል። ግፊቱ ምንጊዜም ዝግጁ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ለአንድ ቃጠሎ የሚያስፈልገውን ናፍጣ ከፋፍሎ መርጨት ይችላል፤ ከዋናው ቀድማ የምትረጨው ጥቂት ናፍጣ ቃጠሎውን አለዝባ ስለምታስጀምረው የአሮጌ ናፍጣ ሞተር መታወቂያ የሆነው መንኳኳት ይቀንሳል።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት ሁለት የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ሞተሮችን ማነጻጸር ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጣው 1ኤችዜድ ቱርቦ የሌለው፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ሞተር ነው፤ ጉልበቱ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሲሆን የመጠምዘዝ ኃይሉ 300 ኒውተን ሜትር አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጣው 1ቪዲ-ኤፍቲቪ ደግሞ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 4.5 ሊትር፣ ኮመን ሬይል ሞተር ሲሆን በላንድ ክሩዘር 200 ላይ በሁለት ቱርቦ ታግዞ 650 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። በመጠን ብዙም ሳይበላለጡ አንዱ ከሌላው ከእጥፍ በላይ ኃይል አለው። ሻጮች ግን አንድ ነገር ሲያነሡ አይሰማም፤ የዚህ ጭማሪ ትልቁ ድርሻ የቱርቦው ነው። ኮመን ሬይል ቱርቦው ባስገባው ብዙ አየር ውስጥ ናፍጣው በሚገባ እንዲቃጠል ያደርጋል እንጂ ብቻውን ያን ጉልበት አይፈጥርም። ቁጠባውም ቢሆን ከኮምፒውተሩ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ናፍጣውን በቅድመ ማቃጠያ ክፍል ፋንታ በቀጥታ ፒስተኑ አናት ላይ መርጨት ራሱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል ይቆጥባል፤ በቀጥታ የሚረጩ ሞተሮች ደግሞ ከኮመን ሬይል በፊትም ነበሩ።

ገዢን ይበልጥ የሚያሳስተው በሁለቱ መካከል ያለው ትውልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ከላንድ ክሩዘር 100 ጋር የመጣው 1ኤችዲ-ኤፍቲኢ ኮምፒውተር አለው፤ ይሁን እንጂ ኮምፒውተሩ የሚቆጣጠረው የአሮጌውን ዓይነት ዟሪ ፖምፓ ስለሆነ ሞተሩ ኮመን ሬይል አይባልም። የፕራዶው 1ኬዜድ-ቲኢም እንዲሁ ነው። የእሱ ተተኪ 1ኬዲ-ኤፍቲቪ ግን ኮመን ሬይል ነው፤ ሁለቱም 3.0 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ ቱርቦ ስለሆኑ በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ ልዩነታቸው አይታይም። ስለዚህ የስሪት ዓመት ጠይቆ ከመገመት ኮፋኖውን ከፍቶ ማየት ይሻላል። የሲሊንደሮቹን ቁጥር የሚያህሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ከፖምፓው ተነሥተው በቀጥታ ወደ የኖዝሎቹ ከሄዱ ሥርዓቱ አሮጌው ነው፤ ቱቦዎቹ የሚነሡት ሴንሰር ከተሰካበት አንድ ወፍራም ቱቦ ከሆነ ግን ኮመን ሬይል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ናፍጣው ንጽሕና፣ እንምጣ። በኮመን ሬይል ኖዝል ውስጥ በሚንቀሳቀሱት ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ሲሆን፣ የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል። በዓይን የማይታይ ብናኝ በ1,600 ባር ግፊት ሲያልፍ ብረቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ውሃ ያዝገዋል። ናፍጣ ከነጭ ጋዝ ጋር ተደባልቆ ሲሸጥ ጉዳቱ ይብሳል፤ ለፖምፓውና ለኖዝሎቹ እንደ ዘይት ሆኖ የሚያገለግለው ራሱ ናፍጣው ስለሆነ፣ ቀጭኑ ነጭ ጋዝ ሲገባበት ብረት ከብረት ይፋተጋል። በሌላ በኩል አሮጌ ሞተር ምንም ቢጠጣ ይችላል የሚባለው ተጋኗል። የ1ኤችዜድ ዟሪ ፖምፓም የሚለሰልሰው በናፍጣው ነው፤ በሞተር ዘይት የሚለሰልሰው ከእሱ በፊት በነበረው 2ኤች ላይ የተገጠመው የረድፍ ፖምፓ ነው። አሮጌው ሥርዓት የሚሻለው ክፍተቱ ሰፋ፣ ግፊቱም ዝቅ ያለ በመሆኑ ጉዳቱ በዝግታ ስለሚደርስበት ነው፤ ኖዝሉ ሲደክምም ፈትቶ ጫፉን መለወጥና በእጅ በሚሠራ መሞከሪያ ማስተካከል ልምድ ላለው መካኒክ የዘወትር ሥራ ነው።

አበላሻሻቸውም ይለያያል። ሜካኒካል ሞተር ሲደክም አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ጠዋት ለመነሣት ይለግማል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያንሰዋል፣ ግን ለወራት ይሄዳል። በኮመን ሬይል ሞተር ላይ አንድ ሴንሰር የተዛባ ንባብ ከሰጠ ኮምፒውተሩ መብራት አብርቶ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ኖዝል ክፍት ሆኖ ከቀረ ደግሞ ያለ ልክ የሚፈስሰው ናፍጣ ፒስተን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ከሁሉ የሚከብደው ከፍተኛ ግፊት ፖምፓው ተፋትጎ የብረት ብናኝ ሲለቅ ነው። ብናኙ በጋራ ቱቦው በኩል ወደ ኖዝሎቹ ሁሉ ስለሚሠራጭ ፖምፓውን ብቻ መለወጥ አይበቃም፤ ቱቦዎቹና ታንኩ መጽዳት፣ ኖዝሎቹም መለወጥ አለባቸው፤ በ1ቪዲ ላይ ይህ ስምንት ኖዝል ማለት ነው። እንዲህም ሆኖ ፊልትሮው በጊዜው የተለወጠለትና ከውሃ መለያው ውሃ የሚፈስስለት ኮመን ሬይል ሞተር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ኪሎሜትር ያለ ችግር ይሄዳል።

በእኔ አመለካከት ገዢን ከኮመን ሬይሉ ይልቅ ሊያሳስቡት የሚገቡት የጭስ ደንቦች እየጠበቁ ሲሄዱ በዙሪያው የተጨመሩት ዕቃዎች ናቸው። ኢጂአር የሚባለው ከሚወጣው ጭስ ከፊሉን ወደ ሞተሩ ይመልሳል፤ ከጊዜ በኋላ ጥላሸቱ ከዘይት ጭጋግ ጋር እየተጋገረ የአየር መግቢያውን ያጠብበዋል። ዲፒኤፍ ደግሞ በማርሚታው መስመር ላይ ጥላሸት የሚያጠምድ ማጣሪያ ሲሆን፣ ሲሞላ ጥላሸቱ በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መቃጠል አለበት። ይህን ሙቀት ለማግኘት በብዙ ሞተሮች ላይ ኮምፒውተሩ ከዋናው ቃጠሎ በኋላ ተጨማሪ ናፍጣ ይረጫል። መኪናው አጫጭር መንገድ ብቻ የሚመላለስ ከሆነ ግን ጽዳቱ በየጊዜው ይቋረጣል፤ ያልተቃጠለው ናፍጣም በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይደባለቃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በናፍጣ ውስጥ የሚገኘውን ሰልፈር ከአንድ ሚሊዮን በ10 ክፍል ስለገደበ፣ ለዚያ ናፍጣ ታስቦ የተሠራ የጭስ ማጽጃ ሰልፈር የበዛበት ናፍጣ ሲገጥመው ይጎዳል። ደግነቱ አንድ ሞተር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አልተሸጠም፤ 1ቪዲ ራሱ ለአንዳንድ ገበያ ከዲፒኤፍ ጋር፣ ለሌላው ያለ ዲፒኤፍ ቀርቧል። ስለዚህ መኪናው በመጀመሪያ የተሠራው ለየትኛው ገበያ እንደሆነ መጠየቅ ከስሪት ዓመቱ ያልተናነሰ ጥያቄ ነው። የጭስ ደንቡ የሚፈቅድለትና በአቅራቢያው የመመርመሪያ ኮምፒውተር ያለው መካኒክ የሚያገኝ ገዢ፣ ኮመን ሬይል ሆኖ ዲፒኤፍ የሌለውን ትውልድ ቢመርጥ የሁለቱንም ዘመን ጥቅም ያገኛል እላለሁ። የናፍጣው ንጽሕና በማይታመንበት ሩቅ ቦታ የሚሠራ ሰው ግን ዝግታውንና ፍጆታውን ታግሦ ሜካኒካሉን ቢይዝ አያስወቅሰውም።

ምርመራው እንደ ሥርዓቱ ይለያል። በሜካኒካሉ ላይ ሞተሩን በሚኒሞ እያሠሩ የዘይት መሙያውን ክዳን መክፈት ነው፤ በኃይል የሚተፋ ጭስ ካለ የፒስተን ቀለበቶቹ አልቀዋል፣ ፖምፓው ደህና መሆኑም ሞተሩን አያድነውም። እንደ 1ኤችዜድ ያለው በታይሚንግ ቺንጋ የሚሠራ ስለሆነ ቺንጋው መቼ እንደተለወጠ ማስረጃ መጠየቅ ይገባል። በኮመን ሬይሉ ላይ የኖዝሎቹን ተመላሽ ናፍጣ፣ ማለትም ሳይረጭ ወደ ታንኩ የሚመለሰውን፣ ማስለካት ከሁሉ ይጠቅማል። መካኒኩ የመመለሻ ቱቦዎቹን ነቅሎ በየኖዝሉ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦና ትንሽ ጠርሙስ ይገጥማል፤ ሞተሩ በሚኒሞ ለጥቂት ደቂቃ ሲሠራ ጠርሙሶቹ በተቀራራቢ መጠን መሙላት አለባቸው። አንዱ ጠርሙስ ሌሎቹ ግማሽ ሳይደርሱ ከሞላ ያ ኖዝል ከውስጥ ያፈስሳል፤ ዋጋ ሲደራደሩም መነሻው የኖዝሉ ዋጋ ይሆናል። የመመለሻ መስመሩ ከክዳን ሥር በሆነባቸው ሞተሮች ደግሞ ኮምፒውተሩ ለየኖዝሉ የሚሰጠውን የናፍጣ ማስተካከያ በመመርመሪያ ማንበብ ይቻላል።

ሁለቱንም ዓይነት ቢሆን ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ሳይነሣ ማየት ያስፈልጋል፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ሌላ ቀን መመለስ ነው። ዲፒኤፍ ባለው መኪና ላይ ከማስነሣት በፊት የዘይት መለኪያውን መምዘዝ አይዘነጋ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ ሻጩ መካኒኩ አብዝቶ ሞልቶት ነው ቢልም፣ ማጣሪያው መጽዳት አቅቶታል ወይም ኖዝል ያፈስሳል ማለት ነው፤ ዘይቱ ተለውጦ ከጥቂት መቶ ኪሎሜትር ጉዞ በኋላ መጠኑ እንደገና ሳይታይ ቀብድ መክፈል አይገባም።