ሙስሊሞችና ጥቃት በዜና፦ ጅምላ ፍረጃ እንዴት ይሠራል?

ጅምላ ፍረጃ ማለት አንድ ሰው ወይም አንድ ቡድን የፈጸመውን ድርጊት የሃይማኖቱ ተከታዮች ሁሉ ጠባይ አስመስሎ ማቅረብ ነው። ሙስሊሞችን በሚመለከት ዜና ይህ በግልጽ ስድብ የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። «ሙስሊሞች ሁሉ ዓመፀኞች ናቸው» ብሎ የሚያትም ጋዜጣ እምብዛም አይገኝም። ፍረጃው የሚገባው ርእስ በሚያወጣው አዘጋጅ፣ ሁለት ቁጥር ደምሮ አንድ በሚያደርገው ዘጋቢና ለቃለ መጠይቅ ማን እንደሚጠራ በሚወስነው ሰው እጅ ነው። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ብዙው ውሸት እንኳ አይባልም። አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ሐሰት የሆነች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነቅሶ ማውጣት አይቻልም።

«ከአምስት አንዱ»

አሠራሩን ከሥር ከመሠረቱ የሚያሳይ ጉዳይ ብሪታንያ ውስጥ ተፈጽሟል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 2015፣ 130 ሰዎች ካለቁበት የፓሪስ ጥቃት ከ10 ቀን በኋላ፣ «ዘ ሰን» ጋዜጣ ከአምስት የብሪታንያ ሙስሊሞች አንዱ ለጂሃዲስቶች «ሲምፓቲ» አለው ብሎ በፊት ገጹ በትልቁ ጻፈ። መረጃው የተገኘው ሰርቬሽን የተባለ ድርጅት 1,000 ያህል ሰዎችን በስልክ ጠይቆ ካሰባሰበው መልስ ነው።

ጥያቄው ራሱ ሲነበብ ግን «ጂሃዲስት» የሚል ቃል የለውም፤ አይሲስም አልተጠቀሰም። ተጠያቂዎቹ የተጠየቁት ከብሪታንያ ወጥተው ሶሪያ ውስጥ ያሉ ተዋጊዎችን ለሚቀላቀሉ ወጣት ሙስሊሞች ምን እንደሚሰማቸው ነው። በዚያን ጊዜ ሶሪያ ውስጥ አይሲስን የሚወጉ ኩርዶችም፣ መንግሥትን የሚወጉ ልዩ ልዩ አማፂዎችም ነበሩ። 5 በመቶ ገደማው «ብዙ»፣ 14 ተኩል በመቶ ገደማው «ጥቂት» ሲምፓቲ አለን አሉ። ጋዜጣው ሁለቱን ደምሮ «ከአምስት አንዱ» አደረጋቸው። ምንም ዓይነት ሲምፓቲ የለንም ያሉት 71 በመቶ ርእስ አልሆኑም።

ቃሉም ችግር አለበት። የእንግሊዝኛው «ሲምፓቲ» ማዘንንም መደገፍንም ያዝላል። አማርኛ ተርጓሚ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ «ልጁ ተታሎ ሄዶ ሞተ» ብላ የምታለቅስ እናት «ታዝናለች» እንጂ «ትደግፋለች» አትባልም። የእንግሊዝኛው ርእስ ግን ሁለቱን ሳይለይ አለፈ። የናሙናው አመራረጥም ያጠያይቃል፦ ስልክ የተደወለው በቤተሰብ ስማቸው ሙስሊም ይመስላሉ ለተባሉ ሰዎች ነበር። በተጨማሪ ማነጻጸሪያ አልቀረበም። ይኸው ድርጅት ከስምንት ወር በፊት ተመሳሳይ ጥያቄ ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች አቅርቦ 14 በመቶ ያህሉ ሲምፓቲ እንዳላቸው ተናግረው ነበር። ይህ ቁጥር ከጎኑ ቢቀመጥ ኖሮ የፊት ገጽ ዜና ባልሆነ ነበር።

በሺዎች የሚቆጠር አቤቱታ ጎረፈ። የብሪታንያ ጋዜጦች ራሳቸውን የሚቆጣጠሩበት ኢፕሶ የተባለው አካል ማርች 2016 ላይ አቀራረቡ አንባቢን በከፍተኛ ደረጃ የሚያሳስት ነው ብሎ ወሰነ፤ ጋዜጣውም ውሳኔውን እንዲያትም ታዘዘ። በመካከሉ አራት ወር አልፏል።

ፈጻሚው ባልታወቀበት ሰዓት

ሁለተኛው የፍረጃ በር የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ናቸው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 1995 ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ በቦምብ ሲፈርስ 168 ሰዎች ሞቱ፤ 19ኙ ሕፃናት ነበሩ። የቴሌቪዥን ተንታኞች ጣታቸውን ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ቀሰሩ። ቦምቡን ያፈነዳው ቲሞቲ ማክቬይ ግን የቀድሞ የአሜሪካ ወታደር ነበር። ከፍንዳታው 90 ደቂቃ ያህል በኋላ የተያዘውም በምርመራ ሳይሆን መኪናው ታርጋ ስላልነበራት የትራፊክ ተቆጣጣሪ አስቁሞት ነው። ተንታኞቹ ስለ አረቦች በሚያወሩበት ሰዓት ሰውየው እስር ቤት ነበር።

ከ16 ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 22 ቀን 2011፣ ያው ነገር ኖርዌይ ላይ ተደገመ። አንደርስ ብሬይቪክ ኦስሎ ውስጥ በቦምብ 8፣ ኡቶያ ደሴት ላይ በጥይት 69 ሰዎች ገደለ። «ዘ ሰን» በማግስቱ ባወጣው የመጀመሪያ እትም ጥቃቱን የአልቃይዳ ጭፍጨፋ አድርጎ በፊት ገጹ አወጣው። ገዳዩ እስልምናን እጠላለሁ የሚል ነጭ ኖርዌያዊ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ስሕተት የሚደጋገመው በክፋት ብቻ አይደለም። የዜና ክፍል አየር ሰዓት መሙላት አለበት፤ የሚነገር ግን ገና የለም። አዘጋጁ የስልክ ደብተሩን ሲገልጥ «የሽብር ባለሙያ» ተብለው የተመዘገቡት አብዛኞቹ ስለ አልቃይዳ ያጠኑ ናቸው። ባለሙያው «ማን ሊሆን ይችላል?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚያውቀውን ይመልሳል። «ሊሆን ይችላል» የተባለው ሦስተኛው ጣቢያ ሲደርስ «ነው ተብሏል» ይሆናል። በኖርዌዩ ጉዳይ አንድ ስሙ ያልታወቀ ቡድን በኢንተርኔት ኃላፊነቱን ወሰደ የሚል ወሬም ተጨምሮበት ነበር።

ፈጻሚው ከታወቀ በኋላ ደግሞ ሚዛኑ ይለያያል። ሙስሊም ከሆነ ጥያቄው «ማን ላከው? የትኛው መስጊድ ይሰግድ ነበር?» ነው። ካልሆነ ስለ ልጅነቱና ስለ አእምሮው ጤና ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2019 ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች ውስጥ በሁለት መስጊዶች 51 ሰዎች ሲገደሉ፣ የብሪታንያው ጋዜጣ «ዴይሊ ሚረር» ገዳዩን በሕፃንነት ፎቶግራፉ አስደግፎ መልአክ የመሰለ ልጅ እንደነበር በፊት ገጹ ጻፈ። የሕይወት ታሪክ መጻፍ ስሕተት የለበትም፤ ለአንዱ እየተጻፈ ለሌላው ሲቀር ነው ችግሩ።

መጠኑም ተቆጥሯል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2015 የተፈጸሙ 136 የሽብር ጥቃቶችን የመረመረ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ሙስሊሞች የፈጸሟቸው 12.5 በመቶ ብቻ ሆነው ሳለ፣ የሟቾች ብዛትና ሌሎች ምክንያቶች ከግምት ገብተውም፣ በአማካይ 357 በመቶ የበለጠ ሽፋን እንዳገኙ አሳይቷል። ጥናቱን ሲጠቅሱ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የሚለካው የዜናውን ብዛት እንጂ ቃናውን አይደለም፤ የ2001ዱ የሴፕቴምበር 11 ጥቃትም ከዘመኑ ውጭ ነው።

በሙስሊሞች ስም የሚገድሉ ቡድኖች መኖራቸው አይካድም፤ አልሸባብን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ግን የሟቾቹ ማንነትም የዜናው አካል ነው። ኦክቶበር 14 ቀን 2017 ሞቃዲሾ ላይ የፈነዳው የጭነት መኪና ቦምብ 587 ሰዎች ገደለ፤ ሟቾቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊሞች ነበሩ። «ሙስሊም» የሚለው ቃል ለገዳይ ብቻ ተይዞ ለሟች ሲቀር፣ ቃሉና ግድያው በአንባቢ ጆሮ አብረው ይለመዳሉ።

ቃላት፣ በአማርኛም

የአሜሪካው የዜና ወኪል አሶሺየትድ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2013 የአጻጻፍ መመሪያውን አሻሽሎ «ኢስላሚስት» የሚለው ቃል የታጣቂ ወይም የጽንፈኛ ምትክ ሆኖ እንዳይገባ አዟል። ቃሉ በእስልምና ሕግ የሚመራ መንግሥት የሚሻን ፖለቲከኛ ሁሉ ስለሚያጠቃልል፣ በምርጫ የሚወዳደረውና ቦምብ የሚያጠምደው አንድ ላይ ይገባሉ።

የአማርኛ ዘጋቢ እዚህ ሌላ ወጥመድ አለበት። «ኢስላሚስት» የሚለውን «እስላማዊ» ብሎ ከተረጎመው «እስላማዊ ባንክ» እና «እስላማዊ ታጣቂ» አንድ ቅጽል ይጋራሉ። የቡድኑን ስም መጥራት ይሻላል፤ «አልሸባብ» ካሉ ወዲያ ቅጽል አያስፈልግም። «አክራሪ» ደግሞ አጥባቂውንም ታጣቂውንም ይጠቀልላል፤ ጢሙን ያስረዘመ ነጋዴና ሰው የገደለ ወንጀለኛ በአንድ ቃል ይጠራሉ። የአጠራር ጉዳይ ለኢትዮጵያ ሙስሊሞች አዲስ አይደለም፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚል ነበር።

ቀረብ ያለው የአገር ውስጥ ምሳሌ ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተላለፈው «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘ ዶክመንታሪ ነው። ያኔ በ«ድምፃችን ይሰማ» እንቅስቃሴ የመጅሊስ (የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት) ምርጫንና አሕባሽ የተባለውን የእስልምና አስተምህሮ በተመለከተ ጥያቄ ያቀረበው ኮሚቴ አባላት በፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከስሰው በፍርድ ላይ ነበሩ። ዶክመንታሪው እንቅስቃሴውን ከናይጄሪያው ቦኮ ሐራም ጎን አቆመው። ርእሱ ራሱ ሥራ ይሠራል፦ «ሐረካት» ዓረብኛ ነው፤ «ንቅናቄ» የሚል የታወቀ አማርኛ እያለ ያልተለመደው የተመረጠው ነገሩ ባዕድ እንዲመስል ነው ማለት ይቻላል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ጊዜው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ይሰጠዋል፤ ጥፋተኛነት የተወሰነው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሐምሌ 27 ቀን 2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደ፤ በኋላ ታሳሪዎቹ በይቅርታ ተለቀቁ።

አቤቱታ እንዴት ይቀርባል

ብሪታንያ ውስጥ ያለ አንባቢ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው የአንቀጽ ምርጫ ላይ ነው። የኢፕሶ ደንብ አንቀጽ 12 ስለ አድልዎ ቢሆንም የሚጠብቀው በስም የተለየ ግለሰብን ብቻ ነው፤ «ሙስሊሞች ተሰደቡ» የሚል አቤቱታ በዚህ አንቀጽ ይወድቃል። አስተማማኙ አንቀጽ 1፣ ማለትም ትክክለኛነት፣ ነው። ጽሑፉ ከታተመ በ4 ወር ውስጥ፣ ድረ ገጽ ላይ እስካለ ደግሞ እስከ 12 ወር፣ ማመልከት ይቻላል። ጉዳዩ መጀመሪያ ወደ ጋዜጣው ይመራል፤ በ28 ቀን ካልተፈታ ኢፕሶ ይመረምረዋል። «ጋርዲያን» አባል ስላልሆነ ቀጥታ ለራሱ ነው የሚጻፈው፤ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ጉዳይ የተቆጣጣሪው አካል የኦፍኮም ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አቤቱታው ለራሱ ለመገናኛ ብዙኃኑ፣ ከዚያ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ይቀርባል።

አቤቱታው ስለ ቁጥር ከሆነ የጥያቄውን ሙሉ ቃልና የመልሶቹን ሠንጠረዥ አያይዞ መላክ ከረጅም ተቃውሞ ይልቅ ይረዳል። የገጹን ፎቶ ከነቀኑ አስቀድሞ ማስቀረትም ያስፈልጋል፤ ርእስ በጸጥታ ይቀየራል። ርእሱ ሲቀየር ደግሞ በገጹ አድራሻ ውስጥ የተጻፈው የመጀመሪያው ርእስ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቀራል። ስለዚህ አድራሻውም እንዲታረም በጽሑፍ መጠየቅ አለበት።