እንዝርትና ስፌት መኪና

የተወደዳችሁ ወገኖቼ፣ የሜክሲኮ ካቶሊኮች የጓዳሉፔዋን ድንግል እንዴት እንደሚወዷት ሳትሰሙ አትቀሩም። እንደ ትውፊታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1531 እመቤታችን በቴፔያክ ኮረብታ ላይ ሁዋን ዲዬጎ ለተባለ ድሃ የአገሩ ተወላጅ ተገለጠች። ያናገረችውም በገዛ ቋንቋው፣ በናዋትል ነው። አጎቱ ታሞበት ስለነበር እንዳታዘገየው በሌላ በኩል ዞሮ ሊያልፍ ሞከረ። እሷ ግን መንገድ ላይ አግኝታው «እናትህ እኔ እዚህ አለሁ አይደል?» ብላ አጽናናችው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ዮላንዳ ሎፔዝ የተባለች ቺካና፣ ማለትም የሜክሲኮ ዘር ያላት አሜሪካዊት ሠዓሊ፣ ሦስት ሥዕሎች ሠራች። በታወቀው የጓዳሉፔ ሥዕል ላይ በድንግሊቱ ቦታ ራሷን፣ እናቷንና አያቷን አስገባች። ይህን ሲሰማ ደሙ የሚፈላ አማኝ ብዙ ነው። አይፈረድበትም። እነዚህ የሚጸለይባቸው ቅዱሳት ሥዕላት አይደሉም። ግን ቀረብ ብለን እንያቸው።

ራሷን የሳለችው ስኒከር አጥልቃ፣ እባብ በእጇ ይዛ፣ በዋናው ሥዕል ከድንግሊቱ እግር ሥር ያለውን መልአክ ረግጣ ስትሮጥ ነው። ይሄኛውን ልቤ አልተቀበለውም። የእመቤታችን ክብር ከልጇ የተሰጣት ነው፤ ማንም በራሱ ጉልበት የሚለብሰው አይደለም። ሩጫው ግን አያስቀይመኝም። ድንግልም ብሥራቱን ሰምታ ቤቷ አልተቀመጠችም። ወደ ተራራማው አገር «ፈጥና ወጣች» ይላል ሉቃስ 1፥39። እዚያም ጌታ ትሑታንን ከፍ እንዳደረገ ዘመረች።

አያቷ ደግሞ ቢላና የተገፈፈ የእባብ ቆዳ ይዘው ተቀምጠዋል። እባቡ በጥንቱ የሜክሲኮ እምነት የራሱ ትርጉም አለው። ለእኛ ግን ቶሎ የሚመጣልን ዘፍጥረት 3፥15 ነው።

ከሦስቱ እኔን የያዘኝ የእናቷ ሥዕል ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በሥዕሉ ላይ ስፌት መኪና ፊት ተቀምጠዋል፤ ዙሪያቸውን የብርሃን ጮራ ከቧቸዋል። ከመርፌው ሥር ያለው ጨርቅ ተራ ልብስ እንዳይመስላችሁ። ኮከብ የፈሰሰበት የድንግሊቱ መጎናጸፊያ ነው!

አባቶቻችን ያስተማሩንን አስቡ። ቅዱስ ገብርኤል ሲመጣ እመቤታችን ለቤተ መቅደስ መጋረጃ ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል ነበር። በቆዩ የብሥራት ሥዕሎቻችን ላይ እንዝርት ይዛ የምናያት ለዚህ ነው። መልአኩ ሥራዋን እስክትጨርስ አልጠበቀም፤ ክሩ በእጇ እንዳለ አበሠራት።

በስፌት፣ በጽዳት፣ በምድጃ ዳር ሲለፉ እያመሹ «ለጸሎት ጊዜ አጣሁ» ብለው የሚያዝኑ እናቶች በየቤታችን አሉ። ይህን ንገሯቸው። እንዝርት ይዛ የተበሠረችው እናት ድካማቸውን ታውቀዋለች። እጃቸው ሥራ ላይ እያለም «ሰላም ለኪ» ማለት ይችላሉ።