ስማርት «ጤነኛ ነው» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ሃርድ ዲስክ ራሱን የሚመረምርበት «ስማርት» የሚባል ሥርዓት አለው። ግራ የሚያጋባው ውጤቱ የሚታይበት ሰንጠረዥ ቁጥር ነው፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ መጥፎ ይሆናልና። «ዋጋ» የሚለው ዓምድ አምራቹ ያወጣው ነጥብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ100 ወይም ከ200 ተነሥቶ ቁልቁል ይወርዳል። ማስጠንቀቂያው የሚሰማው ነጥቡ አምራቹ ካስቀመጠው ወለል ሲደርስ ነው፤ ወለሉ ደግሞ ዝቅተኛ ስለሆነ አንዳንዴ ከረፈደ በኋላ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 ጉግል ባወጣው ጥናት፣ ከተበላሹት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዋናዎቹን የስማርት ምልክቶች ከቶ አላሳዩም ነበር። ቅጂ መያዝ የሚገባው ሰንጠረዡ ንጹሕ እያለ ነው።

እኔ የማየው «ጥሬ ዋጋ» የሚለውን፣ ወደ ነጥብ ያልተለወጠው ቁጥር ያለበትን ዓምድ ነው፤ ያውም ሁለት መስመር ብቻ። 5 ቁጥር ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩትን ሴክተሮች (መረጃ የሚቀመጥባቸውን የዲስኩን ትንንሽ ክፍሎች) ይቆጥራል፤ 197 ቁጥር ደግሞ ለማንበብ አስቸግረው ውሳኔ የሚጠብቁትን። ዜሮ ከሆኑ መልካም። ጥቂት ሆነው ለወራት ካልጨመሩ ዲስኩ ሊሰነብት ይችላል። በየሳምንቱ ካደጉ ግን መጀመሪያ ፋይሎቹን መገልበጥ ነው፤ ረጅም ፍተሻ የደከመ ዲስክን ሊጨርሰው ስለሚችል ምርመራው ይቆይ።

በዲስኩና በኮምፒውተሩ መካከል መረጃ ሲተላለፍ የሚፈጠሩ ስሕተቶችን የሚቆጥረው 199 ቁጥር ቢያድግ አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ኬብሉ ነው።